ለቤት የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተር፦ ለማን ነው የምንገዛው?

በቤታችሁ ስንት ስልክ አለ? እስኪ ቁጠሩት። የአባት አለ፣ የእናት አለ፣ የታላቅየዋ አለ፤ ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ለታናሽየው መጫወቻ የቀረ አሮጌም አይጠፋም። ቴሌቪዥንም ሳሎን ውስጥ አለ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ቁጠሩ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ቆም እንላለን። አንድ ላፕቶፕ ቢኖር እንኳ የመሥሪያ ቤት ነው፤ አርብ ማታ ይመጣል፣ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። በመሃል ልጆቹ እንዳይነኩት ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል።

እኔ መቱ ከተማ ውስጥ በማርኬቲንግ ባለሙያነት እሠራለሁ። የተማርኩት ቢዝነስ ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዕር ያስነሣኝ ኖፓ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ባለቤቷ መምህር ነው፤ ትልቋ ልጃቸው 11ኛ ክፍል፣ ትንሹ 6ኛ ክፍል ናቸው። ዕቁቧ ሊደርሳት ሲል ደወለችልኝና «40 ሺህ ብር በእጄ ይገባል። ለቤቱ ኮምፒውተር እፈልጋለሁ። ሥራሽ ዕቃ መሸጥ አይደል? እንግዲያው አንዴ ደግሞ መግዛት አግዢኝ» አለችኝ።

40 ሺህ ብር ለእህቴ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በየሳምንቱ ከሱቋ ትርፍ ላይ እየቆነጠረች ያጠራቀመችው ነው። ዕቃው ካልሠራ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከተበላሸ ሌላ ዕቁብ እስኪደርስ ልጅቷ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ትሄዳለች። «መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። እኛም ሳንቸኩል መጠንን። የመጠንንበትን መንገድ ነው የማካፍላችሁ።

ኮምፒውተር አሁን ለምን?

«ስልክ እያለ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ትልቋም ልጅ መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ገንዘቡ በአዲስ ስልክ ቢለወጥላት ደስ ይላታል።

ነገር ግን ፈተናው እየተለወጠ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ሲጀመር የተሰጠው በኮምፒውተር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች የተወሰኑት ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ተፈትነዋል። ረጅም ምንባብ ከስክሪን ላይ ማንበብ፣ በማውስ መልስ መምረጥ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም፣ ሰዓቱ ጥግ ላይ ሲቆጥር አለመደንገጥ፣ እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚመጡ ናቸው። አንድ ተማሪ ትምህርቱን አጥንቶ ሳለ ማውስ ለመያዝ እጁ ሲንቀጠቀጥ ማየት ያሳዝናል። ስልክ ይህን አያለማምድም። በስልክ እናያለን፤ በኮምፒውተር ደግሞ እንሠራለን።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ምኞት

እህቴ የፈለገችው ላፕቶፕ ነው፤ «ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ይዛው ትሄዳለች» ትላለች። ጋሼ፣ ማለትም የእህቴ ባለቤት፣ ያሰበው በትምህርት ቤታቸው ያለውን ዓይነት ትልቅ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ «ቢበላሽ ማንም ይጠግነዋል» ይላል። የልጅቷን ምኞት ነግሬአችኋለሁ።

እኔ አራተኛ ሐሳብ ይዤ ገባሁ፤ ሚኒ ኮምፒውተር። ብዙ ሰው አያውቀውም። ቁመቱም ስፋቱም አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ የምሳ ዕቃ የሚያህል ሣጥን ነው። ውስጡ ሙሉ ኮምፒውተር አለ፤ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ግን የለውም፤ እነሱን ከውጭ ታገናኙለታላችሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አፕል ማክ ሚኒ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያለ ስክሪን፣ ያለ ኪቦርድና ያለ ማውስ ለገበያ አቅርቦ ነበር። በኋላ ሌኖቮ፣ ዴልና ኤችፒ ለቢሮዎች ትንንሽ ሣጥኖችን መሥራት ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ በርካታ የቻይና አምራቾች ለቤት የሚሆኑ ርካሽ ዓይነቶችን ያወጣሉ።

ለምን ይህን መረጥኩ? በተመሳሳይ ዋጋ ስትገዙ ላፕቶፕ ውስጥ ገንዘባችሁ ለስክሪን፣ ለባትሪ፣ ለኪቦርድና ለማጠፊያው ሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ በርካሽ ላፕቶፕ ውስጥ ዋናው አካል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ራሙ፣ ደካማ ሆኖ ይገኛል። ሚኒው ላይ ግን ገንዘቡ በሙሉ ወደ ዋናው አካል ይሄዳል። ኪቦርዱ ቢበላሽ ኪቦርድ ብቻ ትገዛላችሁ፤ የላፕቶፕ ኪቦርድ ላይ ሻይ ቢፈስ ግን ጣጣው ብዙ ነው።

የእኛ አገር የመጀመሪያ ጥያቄ፦ መብራት

ስለ ኮምፒውተር ምርጫ የሚጻፉ ምክሮች ብዙውን ጊዜ በፍጥነት ይጀምራሉ። እኔ ግን በመብራት እጀምራለሁ። ኢሉባቦር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ነጎድጓዱና መብረቁ ሲጀምር መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንዳንዴ ጠፍቶ ያመሻል። እህቴ ያነሳችው ትልቁ ተቃውሞም ይኸው ነበር፤ «ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ያንተ ሣጥን ባትሪ የለውም ቢለኝ ሰው ምን እመልሳለሁ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ሚኒ ኮምፒውተር ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ግን ስሌቱን እንየው። አሮጌ ትልቅ ዴስክቶፕ ስክሪኑን ሳይጨምር ከ60 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። አነስተኛ ሚኒ ኮምፒውተር በቀላል ሥራ ጊዜ 10 ዋት ገደማ፣ ሲበረታበት 20 ወይም 25 ዋት ይወስዳል። በቀን 4 ሰዓት ብትጠቀሙ፣ 80 ዋት የሚወስደው በወር 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 15 ዋት የሚወስደው 1.8 ብቻ።

የመብራት ሒሳቡ ራሱ ትልቅ ነገር ላይሆን ይችላል። ዋናው ጥቅም መብራት ሲጠፋ የሚታየው ነው። በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመንገድ የሚባክነውን ስንቀንስ 50 ገደማ እንበል። ሚኒውና ትንሽ ሞኒተር በአንድነት 35 ዋት ቢወስዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሠራሉ። ትልቁ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት ቢወስድ በዚሁ ባትሪ ግማሽ ሰዓት መቆየቱም ያጠራጥራል። አንድ ሰዓት ማለት የቤት ሥራ ጨርሶ፣ ሴቭ አድርጎ፣ በሥርዓት ማጥፋት ማለት ነው።

ስለዚህ ከ40 ሺው ላይ መጀመሪያ ያነሳነው የዩፒኤሱን ነው፤ ኮምፒውተሩን ከመምረጣችን በፊት። ይህን ምክር ከሁሉ አስቀድሜ እሰጣችኋለሁ፦ የዩፒኤሱን ወይም የጥሩ ስታቢላይዘሩን ዋጋ «ከተረፈ» አትበሉት። ዕቃው ራሱ ከነመጠበቂያው ነው አንድ ዕቃ የሚባለው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መብረቅ ሲበረታ ዩፒኤስ አለኝ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከሶኬቱ ንቀሉት። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ትንንሽ ሚኒዎች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። ይህን የሰማ ሰው የሶላር ባትሪውን በቀጥታ ለማገናኘት ይቃጣው ይሆናል። አታድርጉት፤ ባትሪ ሲሞላ ቮልቱ ከ14 በላይ ይወጣል። በመሃል መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ያንን ደግሞ ባለሙያ ይሥራው።

ትልቅ የተጻፈውንና ትንሽ የተጻፈውን ማንበብ

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ማስታወቂያ ስንሠራ የትኛው ቁጥር በትልቁ እንደሚጻፍ፣ የትኛው በትንሹ፣ የትኛው ደግሞ ጨርሶ እንደማይጻፍ እናውቃለን። በትልቁ የሚጻፈው ለጆሮ የሚጥመው ነው። እናንተ እንደ ገዢ መፈለግ ያለባችሁ ያልተጻፈውን ነው።

አንድ ሱቅ ስደውል «ኮር አይ7 ነው፣ እህቴ፣ ከዚህ በላይ የለም» ተባልኩ። «ስንተኛ ትውልድ?» ስል ዝም አለ። አይ7 ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ቁልፉ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ5-8500 ካለ 8ኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-6500 ካለ 6ኛ፤ አይ5-12400 ካለ ደግሞ 12ኛ። መጨረሻ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ካለበት ኃይል የሚቆጥብ ዓይነት ነው፤ ሚኒዎቹ ውስጥ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ትውልዱ ለምን አስፈለገ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። በዚህ ምክንያት የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች በርካሽ ሲሸጡ ታያላችሁ። ርካሽ የሆኑበትን ምክንያት አውቃችሁ፣ ሊኑክስ ሚንት የመሰለ ነፃ ሲስተም ጭናችሁ ለመጠቀም ከወሰናችሁ ክፉ አይደሉም። ሳታውቁ ከገዛችሁ ግን የሌላ ሰው ችግር ነው የገዛችሁት።

ከአዲሶቹ ርካሽ ሚኒዎች ውስጥ ኢንቴል ኤን100 የሚባለውን ፕሮሰሰር በስሙ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣ ነው፤ አራት ኮር አለው፤ የሚጠቀመው ኃይል በጣም አነስተኛ ነው። ለጽሑፍ፣ ለኤክሴል፣ ለዩቲዩብ፣ ለኦንላይን ትምህርት ይበቃል። ለከባድ ጌምና ለቪዲዮ ቅንብር አይሆንም፤ ልጆቻችሁ ለዚያ ከፈለጉት ከአሁኑ ተነጋገሩ። በተቃራኒው አተም ዜድ 8350 ወይም ሴሌሮን ኤን3350 የሚል ካያችሁ፣ ሣጥኑ የቱንም ያህል ያብረቅርቅ፣ እለፉት፤ ሁለቱም ዕድሜአቸው የገፋና ከመጀመሪያውም ደካሞች ናቸው።

ራም 8 ጊጋ ዝቅተኛው ይሁን፤ 16 ከተገኘ እሰየው። ዊንዶውስ 11 በ4 ጊጋ ይነሣል ቢባልም ተነሥቶ ይራመዳል ማለት አይደለም። ማስቀመጫው ደግሞ ኤስኤስዲ መሆኑን አረጋግጡ። «64 ጊጋ» ወይም «128 ጊጋ» ብቻ ከተባላችሁ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። እሱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልትቀይሩት አትችሉም።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ምርጫው በመጨረሻ ሁለት ላይ ቆመ፤ አዲስ የኤን100 ሚኒ፣ ወይም ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥቶ የመጣ ያገለገለ ባለ 8ኛ ትውልድ ሌኖቮ፣ ዴል ወይም ኤችፒ ሚኒ። ያገለገሉት የቢሮ ዕቃዎች ጠንካሮች ናቸው፤ ራማቸውና ኤስኤስዲአቸው በቀላሉ ይቀየራል፤ ጠጋኝም ያውቃቸዋል። ይሁን እንጂ ከአዲሶቹ የበለጠ መብራት ይወስዳሉ፤ ካለፈ ሕይወታቸውም አንዳንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ።

ያገለገለ ከመረጣችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሱቁ ውስጥ ከስክሪን ጋር ይገናኝና ይከፈት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይወጣል፤ እዚያ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የራሙን መጠንና ማስቀመጫው ኤስኤስዲ መሆኑን በዓይናችሁ አንብቡ። የዩቲዩብ ቪዲዮ ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉትና የፋኑን ድምፅ ስሙ። የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ በፍላሽ ሞክሩ። ሲነሣ የቀድሞ ድርጅቱን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ተዉት። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑንም እዩ፤ በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልትና አምፒር ከኮምፒውተሩ ጋር መስማማት አለበት።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ የብር ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ሰዓቱን የምትይዝለት እሷ ናት። ስታረጅ ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑን የረሳ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ ይመልሳችኋል። መብረቅ ፈርተን በየማታው በምንነቅልበት አገር ይህች ባትሪ ወሳኝ ናት። ዋጋዋ ግን ትንሽ ነው፤ ያገለገለ ስትገዙ አስቀይሯት።

እኛ አዲሱን የኤን100 መረጥን፤ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ። ውሳኔውን ያደረገው መብራትና መንገድ ነው። ዕቃው የተገዛው አዲስ አበባ ነው፤ መቱ ደግሞ በጅማና በበደሌ አድርጎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ «ነገ ይዤው ብቅ እላለሁ» የሚባልበት ርቀት አይደለም። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ተከፍቶ፣ ተሞክሮ፣ ሁለት ቀን እቤቱ ሠርቶበት ነው የላከልን። እዚህ ላይ ሚኒው ጥሩ መንገደኛ ሆነ፤ በልብስ መሃል ተጠቅልሎ በእጅ ቦርሳ ገባ። እናንተም ከክልል ከተማ የምትገዙ ከሆነ ዘመዳችሁን ይህን አስቸግሩት፤ ዋስትናውንም በጽሑፍ ያምጣላችሁ።

ዋጋን በብር ዘርዝሬ ያልጻፍኩት አውቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ይህ መጽሔት እጃችሁ እስኪገባ የእኔ ቁጥር ያረጃል። ቢያንስ ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ።

ስክሪኑና የማታው ድራማ

ሚኒ ኮምፒውተር ሲሸጥ «ከቴሌቪዥናችሁ ጋር ይሠራል» ይባላል። እውነት ነው፤ በኤችዲኤምአይ ገመድ ተገናኝቶ ድምፁም በቴሌቪዥኑ ይወጣል። ያልተጻፈው ግን ይህ ነው፤ ልጅቷ ማጥናት የምትፈልግበት ሰዓትና ጋሼ ዜና፣ እህቴ ደግሞ ድራማ የሚያዩበት ሰዓት አንድ ነው። በአንድ ስክሪን ላይ የሚነሣውን ጦርነት ማንኛውም ፕሮሰሰር አይፈታውም። በዚያ ላይ ብዙ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ለቅርብ ንባብ አልተሠሩም፤ ፊደሉ ይሻክራል፤ ዓይን ይደክማል።

ስለዚህ ከገንዘቡ ላይ ያገለገለ ትንሽ ሞኒተር ገዛን። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። አሮጌ ሞኒተሮች ብዙ ጊዜ ቪጂኤ የሚባለው ሰማያዊ መሰኪያ ብቻ ነው ያላቸው፤ አዲሱ ሚኒ ደግሞ ኤችዲኤምአይ። ከቢሮ የሚመጡት ያገለገሉ ሚኒዎች ጭራሽ ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ሊኖራቸው ይችላል። ገመዱን ወይም መቀየሪያውን አብራችሁ ካልገዛችሁ ኖፓ ደርሶ የሚጠብቃችሁ ሁለት የማይተዋወቁ ዕቃ ነው።

ኔትና ቋንቋ

እህቴ ቤት ኔት የሚገባው ከስልክ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ስልክ ቁጥብ አይደለም፤ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ የሳምንቱን ፓኬጅ በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ግንኙነቱን «ሜተርድ» አድርጉት፤ ያኔ ትልልቁን ማደሻ ሳያስፈቅድ አያወርድም። በወር አንዴ ግን ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይዛችሁት ሂዱና እዚያ ይታደስ፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ መሆኑ ለዚህም ይጠቅማል።

ያለ ኔት የሚሠራም ብዙ አለ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ ኔት ያስነብባል። የመማሪያ መጻሕፍቱን በፒዲኤፍ አስቀምጠንላቸዋል። ሊብሬ ኦፊስ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ በነፃ ይገኛል። ኔት ሲኖር ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ሥልጠና መሞከር ይቻላል።

ቋንቋን በተመለከተ፣ በእኛ አካባቢ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ በቁቤ ስለሚጻፍ ማንኛውም ኪቦርድ ይበቃዋል። ለአማርኛ ደግሞ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መጨመር ብቻ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቋንቋ በአንድ ኪቦርድ ሲጻፍ ማየት ደስ ይላል።

«ለእኔ ነው ወይስ ለቤቱ?»

ሁሉም ከተወሰነ በኋላ ልጅቷ እናቷን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «እማዬ፣ ግን ይሄ ለእኔ ነው ወይስ ለቤቱ?» ጥያቄዋ የሞኝ አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት ፈተናው የእሷ ነው። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ዶርም ውስጥ ሣጥን፣ ሞኒተርና ዩፒኤስ ይዛ አትዞርም። ላፕቶፕ ቢሆን የራሷ ይሆን ነበር።

እህቴ ትንሽ ዝም አለችና «ለቤቱ ነው፣ ልጄ። አንቺ ስትሄጂ ወንድምሽ ባዶ ጠረጴዛ እንዲቀረው አልፈልግም። ለአንቺ ደግሞ ስታልፊ ሌላ ዕቁብ እገባለሁ» አለቻት። ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። ለሁለት ቀን ያህል አልተዋጠላትም፤ እኔም አልፈረድኩባትም።

እህቴን ብረዳትም፣ ለሁሉም ቤት መልሱ ይህ ነው አልላችሁም። ያላችሁ አንድ ልጅ ብቻ ከሆነና በሚቀጥለው መስከረም ግቢ የሚገባ ከሆነ፣ ገንዘቡን ለላፕቶፕ ብትቆጥቡት ይሻላል። ሥራችሁ ከቦታ ቦታ የሚያዟዙራችሁ ከሆነም እንዲሁ። ሚኒ ኮምፒውተር ቤት ለሚቀመጥ፣ ብዙ እጅ ለሚነካው፣ ለዓመታት ለሚያገለግል ሥራ ነው። ላፕቶፕና ስልክ አንድ ባለቤት አላቸው፤ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ግን የጋራ ነው። የጋራ ነገር ደግሞ ሕግ ይፈልጋል። እነ እህቴ በወረቀት ጽፈው ሞኒተሩ ጎን ለጥፈዋል፤ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ታናሽየው፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ታላቅየዋ፣ ከዚያ በኋላ ጋሼ። በፈተና ሰሞን ለታላቅየዋ ቅድሚያ። ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ተከፍቶላቸዋል፤ የአንዱ ፋይል ከሌላው አይደባለቅም።

አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል። ያልጠበቅነውን ነገር ያሳየን ትንሹ ልጅ ነው። የእናቱን የዱቤ ደብተር ቁጭ ብሎ ወደ ሠንጠረዥ ገለበጠው። እህቴ ማን ስንት እንዳለበት በአንድ ዓይን ስታይ «ይህን ሁሉ ብር ነው ለሰው ይዤ የምተኛው?» አለች። ጋሼ የፈተና ጥያቄዎቹን ቤቱ ይጽፋል፤ ድሮ ለማስጻፍ ይከፍል ነበር። ልጅቷም የአለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሰዓት ይዛ ስክሪን ላይ ትሠራለች። መጀመሪያ ሰሞን ማውሱን እየፈለገች ታየዋለች፤ አሁን እጇ ራሱ ያውቀዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙና አራት ጥያቄ ጻፉ። ቤት ውስጥ ማን ማን ይጠቀምበታል? በየስንት ሰዓቱ? መብራት ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? ቢበላሽ የት ወስደን እናሠራለን? እነዚህን ከመለሳችሁ በኋላ ጊጋውና ትውልዱ ቀላል ነው፤ ከላይ የጻፍኩትን ገጽ ቆርጣችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ መያዝ ትችላላችሁ። ካልመለሳችሁ ግን ሻጩ ይመልስላችኋል፤ እሱ ደግሞ የሚመልሰው ለራሱ በሚመቸው መንገድ ነው። ይህን የምላችሁ ከሻጮቹ ወገን ሆኜ ነው።

ሐሳብ ያለው ግዢ ይሁንላችሁ!